ሐዘን የሌለበት እጅ

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፣ የመስኮቱ መዝጊያ ተዘግቷል፣ መንደሩ በሙሉ ተኝቷል፣ እኔ ግን በጀርባዬ ተንጋልዬ የአልጋውን ጫፍ በእግሬ ጣት እየነካሁ እቆጥራለሁ። እዚህ ኤፒረስ ተራራ ላይ በነሐሴ ቀትር ውሻ እንኳ አይጮኽም። የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው፣ ስልክ መደወል ነውር ነው፣ ድስት ማንኳኳት ያስወቅሳል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የግሪኮቹን ነገር ሁሉ ለምጄ ይቺን የቀትር እንቅልፍ ብቻ አልቻልኳትም። ማታ እንደ ግንድ ነው የምተኛው፤ ቀን ነው የሚያቃዠኝ። ከግድግዳው ወዲያ እማማ ላምብሮ ጋደም ብለዋል። ማንኮራፋታቸው ስለማይሰማ እሳቸውም አልተኙም ማለት ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ የመጨረሻዎቹን አሥራ አራቱን ያጠብኳቸው፣ ያበሰልኩላቸው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ያስዋጥኳቸው እኔ ነኝ። ለመጣ ለሄደው ሁሉ "ጺያላ እኮ ልጄ ናት" ይላሉ። እውነት ልጃቸው ብሆን ኖሮ ትናንት እራት ላይ ያሉኝን አይሉኝም ነበር፣ እኔም አሁን ጣሪያ ላይ አላፈጥም ነበር።

ያሉኝ እንዲህ ነው። ልጃቸው ቶማስ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው፣ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት ማንም ለጭፈራ ተነስቶ አያውቅም። በዚህ መንደር ሐዘን የገባበት ቤት ሐዘኑ ሳይነሳ አይጨፍርም። ሐዘኑ የሚነሳው ደግሞ በበዓል ቀን፣ በመጀመሪያው ጭፈራ፣ የቤቱ ታላቅ ሰው ሲጨፍር ነው፤ እሱም በገዛ ራሱ አይነሳም፣ የቤቱ ሥጋ ዘመድ ያልሆነ፣ ሐዘን የሌለበት ሰው እጁን ይዞ ያስነሳዋል። ዛሬ የማርያም በዓል ነው፣ ጭፈራ የማስተምራቸው ልጆቼ አደባባይ ላይ ይጨፍራሉ፣ ዘጠኝ ናቸው፣ ከዘጠኙ አንደኛዋ ያኑላ የቶማስ ልጅ ናት። እሷ እንድትጨፍር ብዬ እማማ ላምብሮን ሦስት ሳምንት ለመንኳቸው። ጉልበቴ አሉ፣ ዕድሜዬ አሉ፣ እግሬ ከእንግዲህ የሚሄደው ወደ መቃብር ነው አሉ። ትናንት የምስር ሾርባቸውን ገፋ አድርገው፣ "እሺ፣ ለያኑላ ስል እነሳለሁ። የምታስነሺኝ ግን አንቺ ነሽ። ሐዘን የሌለበት እጅ በዙሪያዬ ያንቺ ብቻ ነው" አሉኝ። እኔም ምን አልኩ? ጨው ልጨምርልዎ ወይ አልኩ። ምክንያቱም እናቴ በጥር ሞታለች፣ ይህን ደግሞ በዚህ መንደር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እናቴ ባቡጻ። በጥር ልጄ ኬቶ ከአገሬ ከጆርጂያ፣ ከኩታይሲ ደወለች፣ ገና ሳትናገር ከአተነፋፈሷ አወቅኩት። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነበር፣ ወረቀቱ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ይዞራል፣ እኔም ተራ ቁጥሬን በእጄ ይዤ እከተለዋለሁ፣ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ከወጣሽ ለመመለስሽ ዋስ የለሽም ትለኛለች። ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ደክሟት ነበር። አልወጣሁም። ቀብሩን በስልክ አየሁት። ስልኩን የያዘችው ጎረቤት እጇ እየዛለ ስለነበር ግማሹን ጊዜ የሚታየኝ የሰው ጫማ ነው፣ ጭቃ የነካ ጫማ፣ ሬሳ የተሸከመ ሰው ዝግ ያለ እርምጃ። ያን ጊዜ ምን አደርጋለሁ? እርምጃውን እቆጥራለሁ። የገዛ እናቴን ቀብር ቆጠርኩት። ከዚያ እማማ ላምብሮ ከጓዳ ጠሩኝ፣ "መጣሁ" ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ሩዛቸውን አጠብኩ። ለምን አልነገርኳቸውም? በመጀመሪያው ቀን አፌ እንቢ አለኝ፣ በሦስተኛው ቀን ዘገየሁ፣ በሳምንቱ ደግሞ ነገሩ ውሸት ሆነ። እናቴ እኔ የምጨፍርበትን ቡድን ልብስ ትሰፋ ነበር። በእኛ በጆርጂያዎቹ ጭፈራ የሴት እግር አይታይም፣ ቀሚሱ መሬት ይነካል፣ ከሥሩ እግሯ እየሮጠ ከላይ ውኃ ላይ እንደሚሄድ ጀልባ ዝም ትላለች። እናቴ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ የቀሚሴን ጠርዝ እያስተካከለች ማንም እግርሽን አያይም፣ ምን ያስፈራሻል ትለኛለች። እግሬን መደበቅ የተማርኩት በስድስት ዓመቴ ነው፤ ሐዘኔንም በዚያው ሙያ ደበቅኩት።

በመጋቢት ከከተማ ይመጣ የነበረው የልጆቹ የጭፈራ አስተማሪ ቀረ። ጺያላ አገሯ እያለች ሃያ ዓመት ጭፈራ አስተምራለች የሚለው ወሬ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ እማማ ላምብሮ ሳይነዙት አልቀሩም። የመንደሩ ማኅበር ሰዎች ተሰበሰቡ። ጎረቤታችን እትዬ ስታማቲያ ከሁሉም ጮክ ብለው ተቃወሙ፤ የእሷ አገር ሰው ሲጨፍር ይዘላል፣ የእኛ ሰው ግን መሬቱን ይረግጣል፣ የኛን እርምጃ ለኛ ልጅ ሩሲያዊት ታስተምራት ወይ አሉ። ሩሲያዊት አይደለሁም ለማለት አሥራ አራት ዓመት ደክሜያለሁ፤ ሌላ አስተማሪ ስላላገኙ ግን ልጆቹን ለእኔ ሰጡኝ። ማታ ለኬቶ ስነግራት ከሳቅዋ የተነሳ ስልኩ ከእጇ ወደቀ። እሷ እዚያው እኔ የተውኩት አዳራሽ ውስጥ ታስተምራለች። "እማ፣ ግሪኮቹን የራሳቸውን ጭፈራ? ቀጥለሽ ደግሞ ዓሣውን ዋና አስተምሪው" አለችኝ። እልህ ያዘኝ። አሥራ አራት ዓመት አደባባዩ ዳር ቆሜ ክብ ሲዞሩ አይቻለሁ፣ እግር ማንበብ ደግሞ ሥራዬ ነው። እርምጃቸውን በሁለት ሳምንት አንድ በአንድ ጻፍኩት። ከባዱ ያ ዝግ ያለው ባለ አምስት ምት ነው፤ አራቱ ላይ ይራመዳሉ፣ አምስተኛው ላይ እግር አየር ላይ ይቆያል። ልጆቹን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አሰልፌ፣ ጀርባ ቀጥ፣ አገጭ ቀና፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት። በሰኔ መጀመሪያ ዘጠኙም እንደ አንድ ሰው ይረግጡ ነበር። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

ያን ጊዜ ነው ክላሪኔት ነፊውን ሚልቶስን የጠራሁት። ሚልቶስ ስልሳ ዓመቱ ነው፣ አባቱም አያቱም እዚሁ መንደር ሲነፉ የኖሩ ናቸው፣ ሲናገር ሁልጊዜ ግማሽ ቀልድ አለበት። ልጆቹን እንደ ኩታይሲ ደረደርኳቸው፤ በቁመት፣ አንደኛዋን ጨፋሪ ፊት። አንደኛዋ ያኑላ ናት፣ ክንዷ ሲነሳ ዓይን ይይዛል፣ የክቡን ፊት፣ መሪነቱን፣ ለእሷ ሰጠሁ። ሚልቶስ ጀመረ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ከዚያ ክላሪኔቱን ከአፉ አወረደ። በር ላይ የተቀመጡት እናቶች መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ቆጠራ የሳትኩ መስሎኝ እንደገና አልኩ፣ አንድ ሁለት። አልነፋም። ያኑላ ፊቷ ቲማቲም መስሎ እየሮጠች ወጣች። ሚልቶስ መሣሪያውን በጨርቅ እየጠረገ ጠጋ ብሎ፣ "መምህርት፣ እግራቸው ልክ ነው፣ እኔ ራሴ እንዲህ ልክ አልረግጥም። ቤታቸውን ግን አልጠየቅሽም" አለኝ። ለሐዘንተኛ ቤት ልጅ የጭፈራውን ፊት ሰጥቻለሁ። እኔ፣ በዚያው ቤት የምኖረው፣ የቶማስን ፎቶግራፍ በየሳምንቱ የምወለውለው። ሐዘኑን አውቅ ነበር እኮ፣ ግን የአዋቂዎች ነው ብዬ ነበር፣ ልምምድ ነው፣ ልጅ ናት፣ እርምጃ ነው ብዬ ነበር። ከሁሉም የከፋው እማማ ላምብሮ ማታ ሲሰሙ አለመቆጣታቸው ነው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫን አደረጉና ከየት ታውቂዋለሽ አሉኝ። ከየት ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። አንድ ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣ ጨፋሪ ኩታይሲ አዳራሻችን ገባ፣ ጎበዝ ነው፣ የወንዱን እርምጃ በሳምንት ጨረሰው። ከዚያ ከእኔ ጋር ሲጨፍር የቀሚሴን ጠርዝ ረገጠ፣ ሳቀ፣ ይቅርታ ብሎ ቀጠለ። በእኛ ጭፈራ ወንድ የሴትን ቀሚስ በጫማው ጫፍ እንኳ አይነካም፤ ያን ርቀት መጠበቅ ነው ጭፈራው፣ እርምጃው ለዚያ ብሎ የመጣ ነው። እናቴ ከመድረኩ ጀርባ አይታ ይሄ ልጅ እግር አለው እናት ግን ያላሳደገችው ይመስላል አለች። ስንቀልድበት ከረምን። በሰኔ ግን ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ማስተማሩን ግን አልተውኩም፣ መተው አልወድም። ልጆቹን በሐምሌ መስተዋት ወደሌለበት ቦታ ወሰድኳቸው፣ ወደ ሚልቶስ በረንዳ። የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ በቤታችሁ ማን ይጨፍር ነበር፣ በየትኛው ዘፈን፣ እጁን የት ያደርግ ነበር፣ ለማን ቦታ ይለቅ ነበር። አንዱ ልጅ፣ አያቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጨፍረው ብሎ መጣ። አንዷ፣ አክስቴ ግራ ትከሻዋን አታነሳም፣ እንጨት ስትሸከም ኖራ ነው አለች፣ ልጅቷም ትከሻዋን አታነሳም። ሚልቶስ ከጭፈራ በፊት ሁልጊዜ ሙሾ ነው የሚነፋው፣ ቁጭ ብላችሁ ስሙ አላቸው፣ ያ ረጅም ድምፅ የሰው ለቅሶ ይመስላል፣ መጀመሪያ ሳቁ፣ በሁለተኛው ቀን አልሳቁም። እርምጃ ለማንም አስተምራለሁ፣ በሁለት ሳምንት። የቀረውን ግን ልጁ ከቤቱ ይዞት ይመጣል ወይም አይመጣም፤ የእኔ ሥራ ይዞት ሲመጣ ከመንገዱ ዞር ማለት ነው። መስመራቸው ተንጋደደ፣ ጀርባቸው ጎበጥ አለ፣ ሚልቶስ ግን አንድ ቀን መንፋቱን ሳያቋርጥ በቅንድቡ ጠቀሰኝ። እግራቸውን መከተል ጀምሮ ነበር። ያኑላ ብቻ ግድግዳው ሥር ቆማ ታያለች፣ የእግሯ አውራ ጣት ጫማዋ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ብርድ ልብሱን በላዬ ስቤ ለኬቶ እደውላለሁ፣ በዚህ ሰዓት፣ ይግረማቸው። በሹክሹክታ እነግራታለሁ። ኬቶ ነገር አታበዛም። ዝም በይ እማ ትላለች፣ ማን ሊያውቅ፣ አሮጊቷ ይነሳሉ፣ ልጅቷ ትጨፍራለች፣ አያቴም ብትኖር ጨፍሪ ነበር የምትልሽ። እውነቷን ነው። ዝም ማለት ቀላል ነው፣ ሰባት ወር ሠልጥኜበታለሁ። ልዘጋው ስል፣ "እማ፣ በቀብሩ ቀን በስልኩ ሳይሽ ፊትሽ አይንቀሳቀስም ነበር። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። በሰኔ ያጠፋሁት ሳላውቅ ነው። ዛሬ ግን እያወቅኩ የሐዘንተኛ እጄን ንጹሕ ነው ብዬ ለእኚህ ሴት ብሰጥ ያ ቀሚሴን ረግጦ የሳቀው ሰው ከእኔ ይሻላል። ብናገር ደግሞ ምሽቱ ይበላሻል፣ ያኑላ ሌላ ዓመት ግድግዳ ሥር ትቆማለች፣ እማማ ላምብሮ ለሌላ ነሐሴ ይደርሱ አይደርሱ እግዜር ያውቃል። ከአልጋዬ ተነሳሁ። መናገሬ ቁርጥ ነው፤ ምሽቱ እንዳይበላሽ ማድረግም የእኔ ፈንታ ነው።

እማማ ላምብሮ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ለዛሬ ያወጡት መቀነት ጭናቸው ላይ ነው። በር ላይ ቆሜ እናቴ በጥር ሞተች፣ እጄ አይሆንዎትም አልኳቸው። ምን እንዳልኩ እስኪገባቸው መቀነቱን ሲጠቀልሉ ሲፈቱ ቆዩ። ከዚያ ተቆጡ፣ በአሥራ አራት ዓመት እንዲያ ሲቆጡ አላየሁም፤ በቤቴ ሞት ደብቀሽ ሩዝ ትቀቅይልኛለሽ፣ እኔ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ሄጄ አልቅሼ ላንቺ አላለቅስም ብለሽ ነው፣ ሠራተኛዬ ነሽ እንዴ አሉ። ሠራተኛዎ ነኝ እኮ ልላቸው ነበር። ቁጣቸው ሲበርድ፣ "አለቀስሽ?" ብለው ጠየቁኝ። አላለቀስኩም አልኩ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እንግዲህ ሁለት ሐዘንተኞች ነን አሉ፣ ሁለታችንንም የሚያስነሳ እጅ ያስፈልገናል፣ በዚህ ሰፈር ከሐዘን ነጻ የሆነ ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስም አልጠሩም። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው የእትዬ ስታማቲያ ቤት ናት። ሁለቱ ከተነጋገሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፣ በበለስ ዛፍ የተነሳ፤ ቅርንጫፉ አጥር ዘሎ ነበር፣ እትዬ ስታማቲያ ሳይጠይቁ ቆረጡት። እማማ ላምብሮ ከምለምናት ብሞት ይሻለኛል አሉ። እርስዎ ማን ለምኑ አለዎት ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ።

መንገዱ ነጭ ነው፣ ፀሐይዋ ከላይም ከድንጋዩም ትመጣለች፣ የእኔ ኮቴ ብቻ ይሰማል፣ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ በራቸውን አንኳኳሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስተኛውን በጡጫ። እትዬ ስታማቲያ ጸጉራቸው እንደተፈታ፣ የትራሱ ስፌት ጉንጫቸው ላይ እንደታተመ ብቅ አሉ።

"በዚህ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ወይ እብድ ነው ወይ መርዶ ነጋሪ" አሉ።

"መርዶ ነው።"

ወዲያው የላምብሮን ቤት አዩ፣ እጃቸው በሩን ያዘ። "አሮጊቷ?"

"እሳቸው ደኅና ናቸው። የእኔ እናት ናት።"

"መቼ?"

"በጥር።"

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ምን ብለው እንደሚያባርሩኝ እየጠበቅኩ የመጣሁበትን በአንድ ትንፋሽ አወራሁት፤ ያኑላን፣ ትናንት የተባልኩትን፣ ዛሬ የተናገርኩትን፣ የእሳቸውን እጅ። ጨርሼ ጠበቅኩ። እትዬ ስታማቲያ ስለ ጭፈራው አንድ ቃል አልተናገሩም። ወደ ውስጥ ገብተው ጸጉራቸውን በጥቁር ሻሽ አስረው ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉ። መምህርት ብዬ ጠርቼሽ አላውቅም፣ አሁንም አልጠራሽም አሉኝ፣ ግን በዚህ ፀሐይ ሞት ልትነግሪኝ ከመጣሽ የመንደሩ ሰው ነሽ። ከዚያ ክንዴን ያዙና ቀድመውኝ ወደ እማማ ላምብሮ በር ሄዱ። ውስጥ የተባባሉትን ሁሉ አልሰማሁም፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ስለነበር የበለሱ ነገር ሲነሳና ሲወድቅ ብቻ ነው የሰማሁት። ከዚያ አንደኛዋ አለቀሱ፣ ከዚያ ሌላኛዋ፣ ከዚያ ገብቼ ከመካከላቸው ተቀመጥኩ። በእኔ አገር፣ በአሮጌው አቆጣጠር፣ የማርያም በዓል ገና አሥራ ሦስት ቀን ይቀረዋል፣ እኔ በየዓመቱ ሁለቱንም እጾማለሁ፣ ሰባት ወር የዘገየ ለቅሶም እንዲሁ ሁለት አገር ያለው ሰው ነገር ነው ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ማሰቡን ትቼ አለቀስኩ።

አደባባዩ ላይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ወንበሮቹ ሞልተዋል፣ የበግ ጥብስ ሽታ አየሩን ይዞታል፣ ልጆቼ ተደርድረዋል፣ በቁመት አይደለም። ሚልቶስ ሙሾውን ይነፋል። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ሹካ አይንኳኳም። ሲያበቃ እትዬ ስታማቲያ ከወንበራቸው ተነስተው መላው መንደር እያያቸው ወደ እማማ ላምብሮ ሄዱና እጃቸውን ዘረጉ። እማማ ላምብሮ የተዘረጋውን እጅ አይተው ያዙት፣ በሌላኛው እጃቸው እኔን ጎተቱኝ፣ እኔ ደግሞ ያኑላን። ሚልቶስ ጠጋ ብሎ ክላሪኔቱን ከአፉ አወረደና እንደ ልማዱ ጠየቀ።

"ለማን ልንፋ?"

"ለቶማሴ" አሉ እማማ ላምብሮ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እማማ ላምብሮ እንግዲህ ሹክ ብለውት ኖሯል፤ ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። "ላንቺስ፣ መምህርት?"

"ለባቡጻ" አልኩ። ስሟን በዚህ አገር አፍ አውጥቼ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው።

እማማ ላምብሮ አንድ ዙር መሩ፣ እትዬ ስታማቲያ ክርናቸውን ደግፈው። ከዚያ አሁን ያንቺ ነው ብለው ፊቱን ለቀቁልኝ። አራት እርምጃ ሄድኩ፣ አምስተኛው ላይ እግሬን አነሳሁ፣ ማውረድ ግን አቃተኝ። ቀሚሴ አጭር ነው፣ ሰው ሁሉ እግሬን ያያል፣ አየር ላይ ይንቀጠቀጣል። ሚልቶስ ድምፁን ይዞ ጠበቀኝ። ትንፋሹ የሚያልቅ እስኪመስለኝ ጠበቀኝ። ሳወርደው አብሮኝ ወረደ። ዙሬን ጨርሼ ያኑላን በእጇ ይዤ ወደ ፊት አወጣኋት። እሷም ከልማዷ ቁጥሩን ፍለጋ ከንፈሬን አየች። ከንፈሬን ገጠምኩ። ትንሽ ቆማ ጠበቀች፣ ወደ አያቷ ዞር አለች፣ ከዚያ በራሷ ጊዜ እግሯን አነሳች፣ ሚልቶስም ተከተላት።